የአቤል ተስፋዬ የአሥር ዓመት መንገድ በድረ ገጻችሁ ላይ ለምን ተበተነ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ስለ ዘ ዊክንድ፣ አነሳስ በድረ ገጹ ላይ ያወጣው ጽሑፍ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ርዕሰ ጉዳዩን ያውቀዋል፤ ከዘፋኙ የግል ሕይወት ይልቅ ሥራው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሰፋ ተከታትሏል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጽሑፉን የተሸከመው ገጽ ስለበደለው ነው። የአንድ ዘፋኝ አነሳስ የሚተረከው በቅደም ተከተልና በክንውኖቹ መካከል ባለው የጊዜ ርቀት ነው። ገጹ ሁለቱንም አጥፍቷቸዋል። ጽሑፉ የረጅም ዓመታት ሥራን ይናገራል፤ አንባቢው ግን «ድንገት ታወቀ» የሚል ስሜት ይዞ ይወጣል።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ፤ ኋላ የማነሳው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና። አቤል የካቲት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1990) ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በቶሮንቶ ተወለደ። በስካርቦሮ በእናቱና በአያቱ እጅ አደገ፤ አፉን የፈታውም በአማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ማንነቱን ሳይገልጽ ጥቂት ዘፈኖችን በዩቲዩብ ለቀቀ፤ የራፐር ድሬክ ቡድንም በብሎጉ ላይ አጋራቸው። መጋቢት 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ዘጠኝ ዘፈኖች ያሉት የመጀመሪያው ሚክስቴፕ (ከመደበኛ አልበም ውጭ የሚለቀቅ የዘፈን ስብስብ) ወጣ። ሁለተኛው ነሐሴ 12 ቀን፣ ሦስተኛው ታኅሣሥ 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ተከተሉ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ሥራ፣ ሦስቱም በነፃ የሚወርዱ። ከሙዚቃ አሳታሚው ሪፐብሊክ ሪከርድስ ጋር የተፈራረመው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ሲሆን፣ በኖቬምበር ሦስቱ ሚክስቴፖች ሦስት አዳዲስ ዘፈኖች ተጨምሮባቸው «ትሪሎጂ» በሚል ስም በ30 ዘፈን ለገበያ ቀረቡ።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ በኋላ ወደ እ.ኤ.አ. 2015 ይዘላሉ። የእናንተ ጸሐፊ አልዘለለም፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው የስቱዲዮ አልበም በአሜሪካው የአልበም ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ 200፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቢገባም አገር ያዳረሰ ነጠላ ዜማ አልወጣውም። በ2014 ከአሪያና ግራንዴ ጋር የሠራው ዘፈን በቢልቦርድ የነጠላ ዘፈን ሰንጠረዥ፣ በሆት 100፣ ሰባተኛ ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምርጥ አሥር ውስጥ አስገባው። በ2015 ከስዊድናዊው ፕሮዲውሰር ማክስ ማርቲን ጋር በሠራው ዘፈን በሆት 100 አንደኛ ሆነ። ከዩቲዩብ ዘፈኖቹ እስከ መጀመሪያው አንደኝነት አምስት ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው። ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም. የወጣው «ብላይንዲንግ ላይትስ» ደግሞ በሆት 100 ላይ 90 ሳምንት ቆየ፤ ከዚያም ውስጥ 57ቱን በምርጥ አሥር አሳልፎ እዚያ ዓመት የሞላ የመጀመሪያው ዘፈን ሆነ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 በታምፓ፣ በሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ) የዕረፍት ሰዓት መድረክ ላይ ብቻውን ቆመ።

ይህን ሁሉ ገጻችሁ በአሥራ ሁለት ስላይድ ከፋፍሎታል። አንዱን አንብቦ «ቀጣይ» ሲጫን ገጹ በሙሉ እንደገና ይጫናል፤ ማስታወቂያው ይለወጣል፤ ርዕሱ ተመልሶ ከላይ ይመጣል፤ አንባቢው ጽሑፉን ለማግኘት እንደገና ወደ ታች ይወርዳል። ስላይዶቹ የተደረደሩትም ከአዲሱ ወደ አሮጌው ነው። ሱፐር ቦውል አንደኛ፣ ዩቲዩብ አሥራ ሁለተኛ። አራተኛው ላይ የተወ ሰው በነፃ ስለተለቀቁት ሚክስቴፖች ምንም ሳይሰማ ይሄዳል፤ የዚህ ዘፋኝ አነሳስ ቁልፍ ግን እነሱ ናቸው። ስላይድ ለፎቶ ስብስብ ይሆናል፣ አንዱ ምስል ሌላውን ስለማይጠብቅ። ምክንያትና ውጤት ላለው ትረካ አይሆንም። የገጽ ዕይታ ቁጥር ከፍ እንዲል ታስቦ ከሆነ፣ አንድ አንባቢ አሥራ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ለማስታወቂያ ሰጪም ብዙ አይጠቅምም፤ ማስታወቂያው የታየው ለዚያው አንድ ሰው ነው።

በምትኩ ጽሑፉ በአንድ ገጽ ይሁን። ከሦስተኛው አንቀጽ በኋላ ከስምንት እስከ አሥር መስመር ያለው የጊዜ ሰሌዳ ይግባ፤ ቀኑ በግራ፣ ክንውኑ በቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ወደ ጎን የሚንሸራተት ሰሌዳ በስልክ ላይ አይሠራም፤ ከጫፍ የተቆረጠውን ነገር አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ባለፈው ጊዜ ልክ ቢሰፋ ደግሞ በቃል ሊነገር የማይችለውን ያሳያል። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ሦስቱ ሚክስቴፖች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ከዚያ መስመሮቹ እየተራራቁ እስከ 2007 ዓ.ም. ይሄዳሉ። ባዶው ቦታ ራሱ ዜና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ። በስላይዶቹ ራስጌ ላይ ዓመቱ በትልቅ ቁጥር ተጽፏል፤ «2012»፣ «2013»። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» በትክክል አሉ፤ የራስጌው ሳጥን ግን ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ስለተሠራ መለያውን ጥሎታል። በዚህ ዘፋኝ ታሪክ ላይ ይህ ምን እንደሚያደርስ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. 2012 ከአሳታሚ ጋር የተፈራረመበት፣ ከነፃ ሥራ ወደ ገበያ የገባበት ዓመት ነው። 2012 ዓ.ም. «ብላይንዲንግ ላይትስ» የወጣበት ነው። እ.ኤ.አ. 2013 የመጀመሪያው የስቱዲዮ አልበም ነው፤ 2013 ዓ.ም. ሱፐር ቦውል ነው። ሁለቱን ያምታታ አንባቢ ውል በፈረመ በጥቂት ወራት ውስጥ የዓለምን ሰንጠረዥ የያዘ፣ በመጀመሪያው አልበሙ ዓመት ሱፐር ቦውል የቆመ ሰው ያያል። በመካከል የነበሩት ከሰባት ዓመት በላይ በአንድ ሳጥን ስፋት ምክንያት ጠፉ።

መፍትሔው ለባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በዳታቤዙ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይቀመጥ፤ እ.ኤ.አ. ይመረጣል፣ መሣሪያዎች ሁሉ ስለሚረዱት። ለአንባቢ ሲወጣ ግን ሁለቱም በአንድ ላይ ይታዩ። ጸሐፊው በእጁ እንዲያሰላ አታድርጉ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንኳ ሲቸኩል ይስታል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ማግሥት ቀኑም በአንድ ይንሸራተታል። ዘመናዊ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር በውስጣቸው ይዘዋል፤ አዲስ ነገር መጻፍ አያስፈልግም። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ በዚያው ዝርዝር ውስጥ የዓመተ ዓለም አቆጣጠርም አለ፤ እሱ በስሕተት ከተመረጠ ዓመቱ 5,500 ጨምሮ ይወጣል። የሰዓት ክልልም ይታይ። አገልጋዩ ኮምፒውተር በግሪንዊች ሰዓት ከተተወ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የወጣ ጽሑፍ ሁሉ የትናንትን ቀን ይይዛል። የዘፋኙ የሱፐር ቦውል ዝግጅት በታምፓ ጥር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን የካቲት 1 ሊነጋ ሲል። ሁለቱም ቀን ትክክል ስለሆነ ጋዜጣው አንዱን ደንብ አድርጎ መያዝ አለበት፤ እኔ ክንውኑ የተፈጸመበት ቦታ ቀን ይያዝ እላለሁ።

ከዚሁ ጋር፣ «እ.ኤ.አ.» በመስመር መጨረሻ ላይ ቀርቶ ቁጥሩ ወደ ቀጣዩ መስመር የሚወርድበት ቦታ በርካታ ነው። በሁለቱ መካከል የማይሰበር ክፍተት የሚባለውን ቁምፊ ማስገባት ይበቃል፤ የጽሑፍ ማስገቢያው ሥርዓት ራሱ እንዲያስገባው ማድረግ ይቻላል። አራት ነጥብም እንዲሁ። ዘጋቢዎች ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ «፡፡» ይጽፋሉ፤ ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የቃል መለያ ነው፤ ጽሑፉን ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራም ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት ሲተው ደግሞ ምልክቱ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። ሁለቱንም በአንድ የማጣሪያ ሕግ ከኅትመት በፊት ማረም ይቻላል።

ስለ ፊደሉ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው የድረ ገጽ አብነት የተሠራው ለላቲን ፊደል ስለሆነ ጉዳቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጽሑፋችሁ መጠን 14 ፒክስል ነው። በላቲን ይነበባል፤ በፊደላችን «ሙ»ን ከ«ሚ»፣ «ጡ»ን ከ«ጢ» የምትለየው አንዲት አጭር ቅጥያ ስለሆነች በዚያ መጠን ትደበዝዛለች። ለስልክ 18 ፒክስል ይሁን፤ የመስመር ቁመቱ የፊደሉ መጠን ከ1.6 እስከ 1.8 እጥፍ። ሁለቱን ጠርዝ የሚያስተካክለው አደራደርም ይቅር። አማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንደሚያስተዋውቋቸውም» ዓይነቱ ቃል በስልክ ስፋት ላይ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲወርድ በቀሩት ሁለት ቃላት መካከል ትልቅ ጉድጓድ ይከፈታል። በግራ የተስተካከለ፣ በቀኝ የተለቀቀ ይሁን።

ርዕሶቻችሁ ላይ «ጨ»፣ «ጭ» እና «ቿ» ጥቁር ነጠብጣብ መስለው ይታያሉ። ይህ የሚሆነው ደማቅ ቅርጽ የሌለው ፎንት (የፊደል ቅርጾች ፋይል) «ደማቅ ሁን» ሲባል ነው፤ ብራውዘሩ ፊደሉን በራሱ ያወፍረዋል፣ ውስጡም ይደፈናል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ውብ ፎንት ነው፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ አለው፤ ለጽሑፉ አካል እንጂ ለደማቅ ርዕስ አይሆንም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ አላቸው፤ ርዕሱ ከእነዚህ አንዱን ይያዝ። የዘፈን ስም በሰያፍ መጻፉም ይቅር፤ ፊደላችን ሰያፍ ልማድ የለውም፣ ብራውዘሩ ያጋድለዋል እንጂ። ትእምርተ ጥቅስ ይበቃል።

ፎንቱ ሲጫን የሚሆነውም መታየት አለበት። የእኛ ፎንት ከሦስት መቶ በላይ ቅርጽ ስለሚይዝ ከላቲን ይከብዳል፤ ገጻችሁ ደግሞ ፎንቱ እስኪደርስ ጽሑፉን ደብቆ ባዶ ነጭ ያሳያል። ሁለት ነገር ይደረግ። ፋይሉ ዎፍ 2 በሚባለው የታመቀ ዓይነት ይቅረብ፤ ፎንቱ እስኪመጣ ድረስም በስልኩ ውስጥ ባለው ፊደል ጽሑፉ ወዲያው ይታይ፣ ይህ የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ በሲኤስኤስ፣ ውስጥ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ፎንቱን ለማቅለል ቅርጾችን ቆርጦ ማውጣት የሚመክሩ አሉ፤ በዚህ ላይ ቀስ ይባል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ተጨማሪ የኢትዮፒክ ክፍሎች ውስጥ ያሉ ፊደላትን ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይጠቀሙባቸዋል፤ የሰው ወይም የቦታ ስም በትክክል ሲጻፍ ከጎደሉ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ይወጣል። በገጹ ኮድ ውስጥ ያለው የቋንቋ መለያም እስካሁን እንግሊዝኛ ነው ይላል። አማርኛ መባል አለበት፤ አለበለዚያ ብራውዘሩ አማርኛውን ወደ አማርኛ ልተርጉምልህ ሊል ይችላል፣ የንባብ ፕሮግራሙም የተሳሳተ ድምፅ ይመርጣል።

ስለ ሙዚቃ የሚጻፍ ገጽ ቪዲዮ መያዙ ተገቢ ነው። ስድስት የዩቲዩብ ማጫወቻ በአንድ ጊዜ መጫን ግን ተገቢ አይደለም፤ እያንዳንዱ ማንም ሳይነካው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ፕሮግራም ያወርዳል። በማጫወቻው ቦታ የቪዲዮው ምስልና የማጫወቻ ምልክት ብቻ ይቀመጥ፤ እውነተኛው ማጫወቻ ሲነካ ይምጣ። በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ ፈጽሞ አይኑር፤ አንባቢው የከፈለበትን ዳታ ያለ ፈቃዱ ይወስዳል። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ተለጥፈዋል። ለስልክ 800 ፒክስል ስፋት፣ ለትልቅ ስክሪን 1,600 ይበቃል፤ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት ቢቀመጡ ከጄፔግ ያነሰ ቦታ ይይዛሉ። ከላይ ያለው ዋና ፎቶ ወዲያው ይጫን፤ የታችኞቹ አንባቢው ሲቃረብ። እናንተ ያደረጋችሁት ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ ዋናው ፎቶ ጭምር «ሲቃረብ ጫን» ስለተባለ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ዘግይቶ ብቅ ይላል።

ጎግል ኮር ዌብ ቫይታልስ ብሎ ያወጣቸው ሦስት መለኪያዎች ለዚህ ጠቃሚ ናቸው። ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ይታይ፤ አንባቢው ሲነካ ገጹ በ200 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ይመልስ፤ የገጹ መንሸራተት፣ ማለትም ክፍሎቹ በድንገት ቦታ መቀየራቸው፣ በመለኪያው ከ0.1 አይብለጥ። ጉብኝቶች ቢያንስ በመቶ 75 እጅ እነዚህን ማሟላት አለባቸው። ሦስተኛው መለኪያ ለእናንተ ዋናው ነው። አንባቢ ሁለተኛውን አንቀጽ ሲያነብ ማስታወቂያ ከላይ ይመጣና ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፤ «ቀጣይ» ሊጫን የዘረጋው ጣት ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። ምክንያቱ የማስታወቂያው ቦታ አስቀድሞ አለመያዙ ነው። 300 በ250 የሆነ ማስታወቂያ የሚመጣ ከሆነ 250 ፒክስል ቁመት ባዶ ሆኖ ይጠብቀው፤ ለእያንዳንዱ ፎቶም ስፋቱና ቁመቱ በገጹ ኮድ (በኤችቲኤምኤሉ) ውስጥ ይጻፍ። በክሮም ውስጥ ያለው ላይትሃውስ የሚባል መመርመሪያ የትኛው ክፍል እንደሚንሸራተት ያሳያል። ሲመረመር ግን በቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን በርካሽ ስልክና በቀርፋፋ ኔትወርክ ይሁን።

ወደ ይዘቱ ልመለስ። ጎላ ብሎ የተጻፈው ሳጥን «በቢልቦርድ አንደኛ» ይላል። በየትኛው? ሆት 100 የነጠላ ዘፈን ሰንጠረዥ ነው፤ ሽያጭን፣ የሬዲዮ ሥርጭትንና በኢንተርኔት መደመጥን ይደምራል። ቢልቦርድ 200 የአልበም ነው። የመጀመሪያው አልበም በሁለተኛው ሰንጠረዥ ሁለተኛ ወጣ፤ በዚያው ጊዜ በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ አቤል ምርጥ አሥር ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል፤ ታማኝ አድማጭ ሙሉ አልበም ይገዛለታል፣ በሬዲዮ የሚያውቀው ግን ገና የለም። ለመነሳት የቀረው ያ ነበር፤ ለዚህም ነው ከአሪያና ግራንዴና ከማክስ ማርቲን ጋር የተሠሩት ሥራዎች ትርጉም ያላቸው። ስለዚህ ማንኛውም የደረጃ ቁጥር ሦስት ነገር ይዞ ይታይ፤ የሰንጠረዡን ስም፣ ቀኑን፣ ስንት ሳምንት እንደቆየ። የሳጥኑ አብነት ሦስቱ ካልተሞሉ እንዳይታተም ቢደረግ ስሕተቱ ከምንጩ ይደርቃል። የዩቲዩብ ዕይታ ቁጥርም በየሰዓቱ ስለሚለወጥ የተቆጠረበት ቀን ከሌለው ባይጻፍ ይሻላል።

ፍለጋው በጣም ያሳዝናል። «ዘ ዊክንድ» ብሎ የፈለገ ሦስት ጽሑፍ ያገኛል፤ «ዘ ዊኬንድ» ያለ ሌሎች አምስት፤ «አቤል ተስፋዬ» ያለ ሁለት። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። የመድረክ ስሙ በላቲን ሲጻፍ አንድ ፊደል የጎደለው፣ ተመሳሳይ ስም ያለው የካናዳ ባንድ ስለነበር ነው፤ በአማርኛ ያ ልዩነት አይታይም፤ ስለዚህ ጋዜጣው አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት አለበት። ከዚህም በላይ ዘፋኙ እ.ኤ.አ. በ2023 የመድረክ ስሙን እንደሚተው ተናግሮ በማኅበራዊ ገጾቹ የልደት ስሙን መጠቀም ጀምሮ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ዋናው ስም አንድ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች ሁሉ በሥሩ። ጸሐፊው መለያውን በእጁ አይተይብ፤ ከዝርዝሩ ይምረጥ።

የሞክሼ ፊደላት ነገርም እዚሁ ይነሳል። «ሙዚቀኛ» ላይ ችግር የለም፤ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ግን ለፍለጋ ፕሮግራሙ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በፍለጋው ማውጫ ውስጥ ብቻ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ ይምጡ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። በእነዚህ ቤተሰቦች አንደኛውና አራተኛው የሚምታቱበት ስላለ፣ ማለትም ሀና ሃ፣ አና ኣ፣ እነዚያም ይዋሃዱ። የታተመው ጽሑፍ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ የሚለወጠው ማሽኑ የሚያነጻጽርበት ቅጂ ነው። በቅድመ ቅጥያ ላይም ሥራ አለ፤ «የአቤል»፣ «በአቤል»፣ «ለአቤል» የሚሉት «አቤል» ሲፈለግ መምጣት አለባቸው፣ አሁን አይመጡም።

የገጹ አድራሻ ከሙሉው የአማርኛ ርዕስ ነው የሚሠራው። አንድ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻው ተቀድቶ ሲላክ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት ቁምፊ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ። 40 ፊደል ያለው ርዕስ 360 ቁምፊ ሆኖ በቴሌግራም ይላካል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ረጅም ኮተት ስለሚመስል ሰው ለመክፈት ይፈራል። አድራሻው ከክፍሉ ስምና ከጽሑፉ መለያ ቁጥር ብቻ ይሠራ። አሮጌዎቹ አድራሻዎች ግን ወደ አዲሶቹ እንዲመሩ ይደረግ፤ ካልሆነ እስካሁን የተጋሩት ሁሉ ይሞታሉ።

የፎቶ መግለጫዎቹ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ናቸው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል፤ መግለጫው ሲለካ ይህን አያሟላም። የማኅበራዊ ገጽ ምልክቶቹም ተጠጋግተዋል፤ 44 ፒክስል ስፋትና ቁመት ቢሰጣቸው ጣት አይስትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔንም ቃል አትመኑ፤ ለኩት። ጽሑፉን ያላዩ አምስት ሰዎች ይመረጡ፤ ከዝግጅት ክፍሉ ውጭ ይሁኑ፣ ቢያንስ አንዱ ዕድሜው የገፋ። የራሳቸውን ስልክ ይያዙ። አራት ጥያቄ ይጠየቁ፤ የመጀመሪያው ሚክስቴፕ መቼ ወጣ? ከዚያ እስከ መጀመሪያው አንደኝነት ስንት ዓመት አለፈ? «ብላይንዲንግ ላይትስ» በየትኛው ሰንጠረዥ 90 ሳምንት ቆየ? ስለዚህ ዘፋኝ ጋዜጣው ከዚህ በፊት ያወጣውን ጽሑፍ አግኙ። ከጎን የተቀመጠው ሰው አይርዳ፤ ስንት ጊዜ እንደነኩ፣ የት እንደቆሙ፣ መልሱን ከማግኘታቸው በፊት ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ብቻ ይጻፍ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሦስት ሰው ከሳተው ችግሩ ያለው በንድፉ ነው፤ መልሱ ጽሑፉ ውስጥ አለና። ገጹ ከተስተካከለ በኋላ በሌሎች አምስት ሰዎች ይደገም፤ የመጀመሪያዎቹ መልሱን አሁን ያውቁታል።

ሁሉን በአንድ ጊዜ መሥራት አይቻልም፣ ግድም አይደለም። የፊደሉ መጠን፣ የቋንቋ መለያው፣ የፎቶው ስፋትና ቁመት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የሰዎች መዝገብና ፍለጋው ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ከዝግጅት ክፍሉና ከቴክኒክ ክፍሉ አንድ አንድ ሰው በጋራ መያዝ አለባቸው፣ የስም አጻጻፉን የሚወስነው አርታዒ ነውና። ከሁሉ በፊት ግን፣ ነገ ጠዋት፣ የጸሐፊውን ጽሑፍ ከስላይድ አውጥታችሁ ከዩቲዩብ ወደ ሱፐር ቦውል በሚሄደው ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ አስቀምጡት፤ በራስጌዎቹ ላይም «2012» ከሚለው ቁጥር ጎን የትኛው 2012 እንደሆነ ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
በድረ ገጽ ንድፍ ሥራ ላይ ያለ የዘወትር አንባቢያችሁ